በሲ ዋይድ ስትሪንግን ወደ መልቲባይት መቀየር፦ አማርኛው ሳይቆረጥና ሳይበላሽ

በሲ (C) ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም እንግሊዝኛ ብቻ ሲያስተናግድ ምንም አይታይበትም። ከዚያ አንዱ ተጠቃሚ ስሙን በአማርኛ ይጽፋል። ፋይሉ ባዶ ሆኖ ይቀራል፣ ወይ የጥያቄ ምልክት ይደረደራል፣ ወይ ደግሞ የስሙ የመጨረሻ ፊደል ትጠፋለች። ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው ዋይድ ስትሪንግ (ፊደሉ በአብዛኛው እንደ አንድ ቁጥር የሚቀመጥበት) ወደ መልቲባይት ስትሪንግ (አንድ ፊደል ከአንድ በላይ ባይት ሊይዝ የሚችልበት) በሚቀየርበት ቦታ ነው። ሥራውን የምትሠራው አንዲት የፋንክሽን ጥሪ ናት። ከጥሪዋ በፊትና በኋላ ግን መደረግ ያለበት ነገር አለ፤ ይህ መመሪያ የሚያሳየው እሱን ነው።

የፋንክሽኖቹን ስም እዚህ እንደሚጠሩ አድርጌ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ኮዱ ላይ ስትጽፉ በተለመደው የላቲን ስማቸው ተጠቀሙ።

መጀመሪያ፦ ሜሞሪ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

«ሰላም» የሚለውን ቃል እንውሰድ። በዋይድ ስትሪንግ ሲቀመጥ ሦስት ቁጥር ነው፦ 4656፣ 4619፣ 4637። እያንዳንዱ ቁጥር የፊደሉ የዩኒኮድ ቁጥር ነው። ከመጨረሻው ፊደል በኋላ ስትሪንጉ ማለቁን የሚናገር ዜሮ አለ። ሊኑክስና ማክ ላይ አንዱ ዋይድ ካራክተር 4 ባይት ይይዛል፤ ዊንዶውስ ላይ 2 ባይት።

ፋይል፣ ኔትወርክና ዳታቤዝ ግን የሚፈልጉት የባይት ሰልፍ ነው፤ ዛሬ ይህ ማለት በአብዛኛው ዩቲኤፍ-8 ነው። ያው «ሰላም» በዩቲኤፍ-8 እንዲህ ይሆናል፦

225 136 176 — 225 136 139 — 225 136 157

ሦስት ፊደል፣ 9 ባይት። መዝጊያዋ ዜሮ ስትጨመር 10። ዩቲኤፍ-8 ላይ እስከ 127 ያሉት ቁጥሮች በ1 ባይት፣ ከ128 እስከ 2047 ያሉት በ2፣ ከ2048 እስከ 65535 ያሉት በ3፣ ከዚያ በላይ ያሉት በ4 ባይት ይጻፋሉ። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ሲገባ የተሰጠው ክልል ከ4608 እስከ 4991 ነው። ስለዚህ ሆሄያቱ፣ አራት ነጥቡም፣ ሁለት ነጥቡም እያንዳንዳቸው 3 ባይት ናቸው። ክፍት ቦታና 0 እስከ 9 ያሉት አሃዞች 1 ባይት ብቻ ይወስዳሉ።

ይህን ልብ በሉልኝ። በእንግሊዝኛ ፊደል ቆጥሮ ቦታ መያዝ ያስኬዳል። በአማርኛ አያስኬድም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው፦ ምን ያህል ባይት እንደሚያስፈልግ ሳትጠይቁ ቦታ አትያዙ።

ደረጃ 1፦ ኮዱን የምትጽፉበትን ፋይል አስተካክሉ

ኮዱ ውስጥ በቀጥታ «ሰላም» ብላችሁ የምትጽፉ ከሆነ ፋይሉ ራሱ በዩቲኤፍ-8 መቀመጥ አለበት። ጂሲሲ የሚባለው ኮምፓይለር ያለ ምንም ማስታወቂያ ዩቲኤፍ-8 ነው ብሎ ያነበዋል። የማይክሮሶፍቱ ኮምፓይለር ግን በፋይሉ መጀመሪያ ላይ የዩቲኤፍ-8 ምልክት ካላገኘ በኮምፒውተሩ አሮጌ ኮድ ፔጅ (ባይትን ከፊደል ጋር በሚያዛምደው የቆየ ሠንጠረዥ) ነው የሚያነበው። ስለዚህ ኮምፓይል ስታደርጉ የዩቲኤፍ-8ን አማራጭ ስጡት። ይህ ከተዘለለ ስትሪንጉ ከመቀየሩ በፊት ተበላሽቷል፤ ከዚያ በኋላ የምትሠሩት ሁሉ ከንቱ ነው።

ዋናዎቹ ሄደር ፋይሎች አራት ናቸው፦ ስታንዳርድ ላይብረሪው፣ የዋይድ ካራክተሩ፣ የሎኬሉና የኤረር ቁጥሩ።

ደረጃ 2፦ ሎኬሉን አስነሱ

ሎኬል ማለት ፕሮግራሙ ፊደልንና ቁጥርን በየትኛው ቋንቋና አገር ልማድ እንደሚያስተናግድ የሚወስን ቅንብር ነው። የሲ ፕሮግራም ሲነሳ «ሲ» በሚባለው ሎኬል ነው የሚነሳው። ኮምፒውተራችሁ ሙሉ በሙሉ በአማርኛ ቢሆን እንኳ ፕሮግራሙ አያውቅም። ሊኑክስ ላይ በዚህ ሎኬል ከ127 በላይ የሆነ ቁጥር የሚቀየርበት መንገድ የለውም። ለዚህ ነው እንግሊዝኛው በሰላም ሲያልፍ አማርኛው የሚወድቀው።

ስለዚህ በሜይን ፋንክሽኑ መጀመሪያ ላይ ሴትሎኬልን ጥሩ። የመጀመሪያው አርጉመንት ኤልሲ-ሲታይፕ፣ ሁለተኛው ባዶ ስትሪንግ ነው። ባዶው ስትሪንግ «ተጠቃሚው ኮምፒውተሩ ላይ የመረጠውን ውሰድ» ማለት ነው። ብዙ ምሳሌዎች ኤልሲ-ኦልን ይጠቀማሉ። እኔ ኤልሲ-ሲታይፕን እመርጣለሁ፤ የፊደሉን አቀያየር የሚወስነው እሱ ብቻ ነው። ኤልሲ-ኦል የቁጥር አጻጻፉንም ይነካል፤ ለምሳሌ በጀርመን ሎኬል የአስርዮሽ ነጥቡ ኮማ ይሆናል፣ ያኔ ቁጥር የሚያነበው ኮዳችሁ ይታመሳል።

የሚመልሰውን ሳታዩ አትለፉ። ናል ፖይንተር ከመለሰ የተጠየቀው ሎኬል ኮምፒውተሩ ላይ አልተጫነም ማለት ነው። በተለይ ዶከር ላይ ይህን ጠብቁ። ትንንሾቹ ኢሜጆች ብዙ ጊዜ ምንም የሎኬል ምርጫ የላቸውም፣ ስለዚህ ሴትሎኬል ተሳክቶለትም «ሲ» ሎኬል ላይ ትቀራላችሁ። መፍትሔው የኤልሲ-ኦል ኢንቫይሮመንት ቫሪያብሉን «ሲ ነጥብ ዩቲኤፍ-8» ማድረግ ነው። ይህ ሎኬል ከ2022 ጀምሮ የጂሊብሲ (አብዛኛው ሊኑክስ የሚጠቀምበት የሲ ላይብረሪ) አካል ነው፤ ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ከዚያም በፊት ነበር። የአማርኛ የኢትዮጵያ ሎኬልም ጂሊብሲ ውስጥ አለ፤ ግን ለዚህ ሥራ ግዴታ አይደለም። ዩቲኤፍ-8 የሆነ ማንኛውም ሎኬል ይበቃል።

እርግጠኛ ለመሆን ሊኑክስና ማክ ላይ ኤንኤል-ላንግኢንፎን ጥሩና ኮድሴቱን ጠይቁት። «ዩቲኤፍ-8» ካላለ ፕሮግራሙ እዚያው ቆሞ ግልጽ የኤረር መልእክት ያሳይ። ዝም ብሎ ከመቀጠል ይህ እጅግ ይሻላል።

ሴትሎኬል የሚጠራው አንዴ፣ ትሬዶች ከመነሳታቸው በፊት ነው። ፕሮግራሙ መሀል ላይ ሎኬል መቀያየር ሌሎቹን ትሬዶች ያናጋል።

ደረጃ 3፦ ስንት ባይት እንደሚያስፈልግ ጠይቁ

የሚቀይረው ፋንክሽን ደብልዩ-ሲ-ኤስ-ቱ-ኤም-ቢ-ኤስ ነው። ረጅም ስለሆነ ከዚህ በኋላ «ቀያሪው» እለዋለሁ። ሦስት ነገር ይቀበላል፦ ባይቶቹ የሚጻፉበት ቦታ፣ ዋይድ ስትሪንጉ፣ ቢበዛ ስንት ባይት መጻፍ እንደሚችል።

በመጀመሪያው ጥሪ መድረሻው ላይ ናል፣ ወሰኑ ላይ 0 ስጡት። ያኔ ምንም አይጽፍም፤ የሚያስፈልገውን ባይት ቆጥሮ ብቻ ይመልሳል። ለ«ሰላም» 9 ይላችኋል። መዝጊያዋን ዜሮ አይቆጥራትም።

ይህ አጠራር የፖዚክስ (የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች የጋራ ስታንዳርድ) ደንብ ነው፤ ማይክሮሶፍትም ይደግፈዋል። የሲ ስታንዳርዱ በራሱ ይህን የሚያረጋግጠው ለወንድሙ፣ ለደብልዩ-ሲ-ኤስ-አር-ቱ-ኤም-ቢ-ኤስ ነው። እሱን ደረጃ 6 ላይ እናገኘዋለን።

ደረጃ 4፦ ኤረሩን አሁኑኑ ያዙ

ቀያሪው ሊቀይረው የማይችል ካራክተር ካጋጠመው ኔጌቲቭ አንድ ይመልሳል። ችግሩ የሚመልሰው ዓይነት ሳይዝ-ቲ መሆኑ ነው፤ ኔጌቲቭ አያውቅም። ስለዚህ ኔጌቲቭ አንዱ እጅግ ትልቅ ቁጥር ሆኖ ይወጣል። «ከዜሮ ካነሰ ኤረር ነው» የሚል ኮድ መቼም ቢሆን አይሠራም። ማወዳደር ያለባችሁ ወደ ሳይዝ-ቲ ከተለወጠ ኔጌቲቭ አንድ ጋር ነው።

ቼኩን ብትዘሉት የሚሆነውን ተመልከቱ። ያንን ትልቅ ቁጥር ወስዳችሁ ለመዝጊያዋ አንድ ትጨምሩበታላችሁ። ቁጥሩ ዞሮ ዜሮ ይሆናል። ሜሞሪ የሚሰጠውን ፋንክሽን፣ ማሎክን፣ ዜሮ ባይት ትጠይቁታላችሁ፤ እሱም ሳያጉረመርም ፖይንተር ሊሰጣችሁ ይችላል። ከዚያ በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ትጽፋላችሁ። ፕሮግራሙ የሚወድቀው እዚያው ሳይሆን ከብዙ መስመር በኋላ፣ ምንም ግንኙነት የሌለው ቦታ ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ፈልጎ ማግኘት ቀን ይፈጃል፤ ቼኩ ግን አንድ መስመር ነው።

ኤረር ሲሆን የኤረር ቁጥሩን በሚይዘው ኤርኖ ውስጥ ኢ-ኢል-ሴክ የሚባለው ኮድ ይገባል። ሊኑክስ ላይ ቁጥሩ 84 ነው፣ ማክ ላይ 92። ሊኑክስ ላይ 84 ስታዩ መጀመሪያ ደረጃ 2ን ፈትሹ። አብዛኛውን ጊዜ ሴትሎኬል ተረስቷል።

ደረጃ 5፦ ቦታ ያዙና ቀይሩ

አሁን ቀላል ነው። በተመለሰው ቁጥር ላይ 1 ጨምሩና ማሎክን ጠይቁ። ማሎክ ናል አለመመለሱን እዩ። ከዚያ ቀያሪውን ድጋሚ ጥሩት፤ በዚህ ጊዜ መድረሻው የያዛችሁት ቦታ፣ ወሰኑም ቁጥሩ ሲደመር 1 ነው። ለ«ሰላም» 10 ባይት ትይዛላችሁ፣ 10 ትሰጡታላችሁ፣ እሱ 9 ይመልሳል፣ መዝጊያዋም በቦታዋ ትገባለች። ተጠቅማችሁ ስትጨርሱ በፍሪ መልሱት።

በልምድ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቦታው ቋሚ ሲሆን ነው። ለምሳሌ የስም መስክ 20 ባይት ነው እንበል፤ «ገብረመድኅን» ይግባ። ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍ 11 ፊደል ነው፣ ከነመዝጊያው 12 ባይት፤ ሰፊ ቦታ ተርፎት ይገባል። በእኛ ፊደል 7 ሆሄ ብቻ ነው፤ ግን 21 ባይት ነው። አይገባም።

ቀያሪው ታዲያ ምን ያደርጋል? ስድስት ሆሄ ይጽፋል፣ 18 ባይት። ሰባተኛዋ «ን» 3 ባይት ትፈልጋለች፤ የቀረው 2 ነው። ቀያሪው ፊደል ለሁለት አይከፍልም፣ ስለዚህ እዚያው ቆሞ 18 ይመልሳል። መዝጊያ ዜሮም አይጽፍም። አሁን ብዙ ሰው የሚጽፈውን ቼክ አስቡት፦ «የተመለሰው ቁጥር 20 ከሆነ ሞልቷል፣ መዝጊያ የለውም»። 18 ግን 20 አይደለም። ቼኩ «ሁሉም ደህና ነው» ይላል። ስትሪንጉ ሲታተም «ገብረመድኅ» ይልና ከዚያ ሜሞሪ ውስጥ የነበረ ቆሻሻ ይከተላል። በእንግሊዝኛ ስትፈትኑት ይህ አይታይም፤ ፊደሉ ሁሉ 1 ባይት ስለሆነ ሁልጊዜ ልክ 20 ላይ ነው የሚቆመው።

ቋሚ ቦታ የግድ ከሆነ እንዲህ አድርጉ። ቦታውን አስቀድማችሁ በሜምሴት ዜሮ ሙሉት። ለቀያሪው ወሰን አድርጋችሁ 20 ሳይሆን 19 ስጡት። ያኔ የትም ቢቆም ከኋላው ዜሮ አለ። መቆረጡን ለማወቅ ደግሞ በደረጃ 3 ያገኛችሁትን ቁጥር ተመልከቱ፤ ከ19 ከበለጠ ስሙ አይገባም። የሰው ስም ከሆነ ቆርጦ ከማስገባት «ረዝሟል» ብሎ መመለስ ይሻላል። ከሁሉም የሚሻለው መስኩን ማስፋት ነው።

ደረጃ 6፦ ረጅም ጽሑፍ ሲሆን በቁራጭ ቀይሩ

ሙሉ መጽሐፍ የሚያህል ጽሑፍ ካላችሁ ሁሉንም በአንዴ መቀየር ሜሞሪ ያባክናል። እዚህ ላይ ወንድምየው ይሻላል። ከቀያሪው በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ ዋይድ ስትሪንጉን ሳይሆን የፖይንተሩን አድራሻ ይቀበላል። ሁለተኛ፣ ኤምቢ-ስቴት-ቲ የሚባል የሁኔታ መያዣ ይፈልጋል፤ ከመጀመራችሁ በፊት ዜሮ ሙሉት።

4096 ባይት የሚይዝ ባፈር አዘጋጁና በሉፕ ጥሩት። በየዙሩ የቻለውን ያህል ይሞላል፣ የተመለሰውን ቁጥር ያህል ባይት ወደ ፋይሉ ትጽፋላችሁ፣ ፖይንተሩም ወደቆመበት ፊደል ራሱ ይሄዳል። 4096 ለ3 አይካፈልም፤ ግን ችግር የለውም፤ ፊደል መሀል ላይ ስለማይቆርጥ ቀጣዩ ዙር ከሙሉ ፊደል ይጀምራል። ጽሑፉ ሲያልቅ ፖይንተሩ ናል ይሆናል። ሉፑ የሚቆመው በዚያ ነው።

ፖይንተሩ ስለሚንቀሳቀስ ቅጂውን ስጡት እንጂ ዋናውን አይደለም። ዋናው ናል ከሆነ በኋላ ሜሞሪውን የምትመልሱበት መንገድ የለም።

አንድ የተበላሸ ካራክተር ሁሉንም እንዳያስቆም ከፈለጋችሁ ደብልዩ-ሲ-አር-ቱ-ኤም-ቢን ተጠቀሙ። እሱ አንድ በአንድ ነው የሚቀይረው። ሳይሳካለት ሲቀር የጥያቄ ምልክት አስገቡ፣ የሁኔታ መያዣውን መልሳችሁ ዜሮ ሙሉት፣ ወደሚቀጥለው ፊደል እለፉ። ለእያንዳንዱ ጥሪ የሚሰጠው ቦታ ኤምቢ-ሌን-ማክስ ያህል ይሁን። ይህ ለሎግ ፋይል ጥሩ ነው። ለሰው ስም፣ ለሂሳብ መዝገብ ግን አልመክርም፤ እዚያ ኤረሩ መታየት አለበት።

ዊንዶውስ ላይ

እዚህ ቀያሪውን ትታችሁ የዊንዶውስን የራሱን ፋንክሽን፣ ዋይድቻር-ቱ-መልቲባይትን ያዙ። ሎኬል አይጠይቅም። ኮድ ፔጁን በቁጥር ትነግሩታላችሁ፤ ዩቲኤፍ-8 65001 ነው። በነባሪው አሮጌ ኮድ ፔጅ ብትጠሩት ግን አማርኛው የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይወጣል፤ ለአማርኛ የተመደበ አሮጌ ኮድ ፔጅ ዊንዶውስ ላይ የለም።

አካሄዱ ያው ነው፦ መጀመሪያ መድረሻውን ናል፣ መጠኑን 0 አድርጋችሁ ጠይቁ፣ ከዚያ ቦታ ይዛችሁ ቀይሩ። ሁለት ልዩነት አለ። የምንጩን ርዝመት ኔጌቲቭ አንድ ካላችሁት የሚመልሰው ቁጥር መዝጊያዋን ጨምሮ ነው፤ ለ«ሰላም» 10 ይላል። እንደገና 1 መጨመር አያስፈልግም። ኤረር ሲሆን ደግሞ የሚመልሰው 0 ነው። ነባሪ ካራክተር የሚጠይቁት የመጨረሻዎቹ ሁለት አርጉመንቶች በዩቲኤፍ-8 የግድ ናል መሆን አለባቸው። የተበላሸ ካራክተር ሲያገኝ በዝምታ ከመተካት እንዲወድቅ የሚያደርገውን ምልክትም ስጡት።

ከዊንዶውስ 10 የ1803 እትም ወዲህ ሴትሎኬልን «ነጥብ ዩቲኤፍ-8» ብሎ ጠርቶ መደበኛውን ቀያሪ መጠቀምም ይቻላል። አንድ ኮድ ሁለቱም ላይ እንዲሠራ ለሚፈልግ ይህ ጥሩ መንገድ ነው።

ያለ ሎኬል፣ በእጅ

ላይብረሪ የምትጽፉ ከሆነ ሴትሎኬልን መጥራት የእናንተ ሥልጣን አይደለም፤ የባለፕሮግራሙ ነው። ያኔ ዩቲኤፍ-8ን በእጅ መሥራት ከሁሉ ይቀላል። ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ በ1992 የነደፉት ይህ አሠራር በማካፈል ብቻ የሚሠራ ነው። «ሰ»ን እንሞክር፤ 4656።

4656ን ለ4096 አካፍሉ፦ 1 ይደርሳል፣ 560 ይተርፋል። 1 ላይ 224 ደምሩ፦ 225። ይህ የመጀመሪያው ባይት ነው።
560ን ለ64 አካፍሉ፦ 8 ይደርሳል፣ 48 ይተርፋል። 8 ላይ 128 ደምሩ፦ 136።
የተረፈው 48 ላይ 128 ደምሩ፦ 176።

225 136 176። ከላይ ያየነው ራሱ ነው። በ3 ባይት ለሚጻፉት ሁሉ ቀመሩ ይኸው ነው። ከ55296 እስከ 57343 ያሉትን ቁጥሮች ግን አትቀበሉ፤ ለዩቲኤፍ-16 ጥንዶች የተያዙ ናቸው። ከ1114111 በላይ ያለም ዩኒኮድ አይደለም።

በመጨረሻ፦ ባይቶቹን በዓይናችሁ እዩ

ተርሚናሉ ላይ በሚታየው ብቻ አትፍረዱ። ፎንት የሌለው ተርሚናል ትክክለኛውን ጽሑፍ አራት ማዕዘን ሳጥን አድርጎ ያሳያል። ባይቶቹን አንድ በአንድ በቁጥር አትሙ። ያኔ 225 136 176 ፈንታ ‎-31 -120 -80 ካያችሁ አትደንግጡ፤ ካር የሚባለው ዓይነት ኔጌቲቭ የሚያውቅበት ኮምፒውተር ላይ ናችሁ። ወደ አንሳይንድ ካር ቀይራችሁ አትሙት።

ሌላው እዚህ የሚያደናግር ነገር፦ ፕሪንትኤፍንና ደብልዩ-ፕሪንትኤፍን አንድ መውጫ ላይ አትቀላቅሉ። ቀድሞ የተጠራው መውጫውን ለራሱ ይይዘዋል፤ የሌላው ጽሑፍ ላይታይ ይችላል። ዋይድ ስትሪንግ ማተም ብቻ ከሆነ የፈለጋችሁት፣ ፕሪንትኤፍ በፐርሰንት ኤል ኤስ ራሱ ቀይሮ ያትምላችኋል፤ ሎኬሉ ትክክል ከሆነ።

ለሙከራ የሚሆኑ ስትሪንጎች እነዚህ ናቸው። ባዶ ስትሪንግ፦ 0 መመለስ አለበት፣ 1 ባይትም ትይዛላችሁ። «ሰላም 2017»፦ 14 ባይት። «ገብረመድኅን» በ20 ባይት መስክ፦ «አይገባም» መባል አለበት። ለጉራጌኛ አጻጻፍ በ2021 በዩኒኮድ 14.0 ከገቡት ሆሄያት የመጀመሪያዋ፣ ቁጥሯ 124896፦ እሷ ከ65535 በላይ ስለሆነች 4 ባይት ናት፤ 240 158 159 160። ዊንዶውስ ላይ በአንድ ዋይድ ካራክተር አትገባም፣ 55353 እና 57312 የሚባሉ ጥንድ ሆና ነው የምትቀመጠው። አንድ ዋይድ ካራክተር አንድ ፊደል ነው ብሎ የሚቆጥር ኮድ ካላችሁ እዚህ ላይ ይጋለጣል።